የተራማጆች ጠብና የደርግ ትርፍ

ለውጥን ዓላማቸው ያደረጉ ድርጅቶች የሚወድቁት በባላጋራቸው ጉልበት ብቻ አለመሆኑን፣ ባላጋራቸው ጉልበቱን የሚያሳርፍበትን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያሳየውም የእነሱው የእርስ በርስ ጠብ መሆኑን ለመረዳት የኢትዮጵያ ተራማጆች በ1960ዎቹ ያሳለፉትን ታሪክ መመርመር ይበቃል። በእነዚያ ዓመታት ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ በአንድ ርዕዮተ ዓለም የሚያምኑ፣ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡና ብዙ ጊዜም በአንድ የመኝታ ክፍል ያደሩ ወጣቶች በሁለት ድርጅቶች ተከፍለው ቆሙ፤ እነዚህም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ፣ በአጭሩ ኢሕአፓ፣ እና የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ በአጭሩ መኢሶን፣ ነበሩ። አብዮቱ በፈነዳ በሦስት ዓመት ውስጥ አንደኛው ወገን ሌላውን «ባንዳ»፣ ሌላኛውም በፊናው «አናርኪስት» እያለ መጠራራት ብቻ ሳይሆን መገዳደል ጀመረ፤ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ ሁለቱም በአንድ ወታደራዊ መንግሥት እጅ ከከተማው የፖለቲካ ሕይወት ጠፍተው ነበር።

ስለዚህ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም አብዛኛው ያተኮረው ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ለሟች ቤተሰቦችም ሆነ ለታሪክ ፍርድ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በሚያስማሟቸው ነገሮች ብዛት ወንድማማች ሊባሉ የሚችሉ ሁለት ድርጅቶች ልዩነታቸውን ለሦስተኛ ወገን መሣሪያነት አሳልፈው እስኪሰጡ ድረስ እንዴት ሊካረሩ ቻሉ የሚለው ነው።

በዘመኑ አነጋገር ተራማጅ ማለት ኅብረተሰብ ከኋላ ቀር ሥርዓት ወደ ተሻለ ሥርዓት መሻገር እንዳለበት የሚያምንና ለዚህም የሚታገል ሰው ነበር፤ አድኃሪ የሚለው ቃል በተቃራኒው የቆመውን ይገልጻል። የተራማጆቹ መፈልፈያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡበት ቀን ጀምሮ ንቅናቄው ከዓመት ዓመት እየጠነከረና እየመረረ ሄዷል። በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዋለልኝ መኮንን ስለ ኢትዮጵያ የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፉን በተማሪዎች መጽሔት ላይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ከበው የነበሩ ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ተተኮሰባቸው። ሰላማዊ ጥያቄ በጥይት መመለሱን ያየ ትውልድ በምሥጢር መደራጀት አለበት ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከሞት የጠበቃቸው ያ ምሥጢራዊነት ኋላ ላይ ለብዙዎቹ መጥፊያ ሆነ።

መኢሶን የተመሠረተው በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ ሲሆን፣ በፈረንሳይ ይማር የነበረው ኃይሌ ፊዳ ከመሥራቾቹ ዋነኛው ነበር። ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት ደግሞ በሌላ ስም በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ተቋቋመ፤ ዋና ጸሐፊው ብርሃነመስቀል ረዳ ሲሆን፣ እሱና ጓደኞቹ በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ሱዳን ከተሻገሩ በኋላ በአልጄሪያ መዲና በአልጀርስ ተቀምጠው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ጋር ግንኙነት ሲያደርጉ የቆዩ ናቸው። ሁለቱም ድርጅቶች ለዓመታት ህልውናቸውን ለሕዝብ አልገለጹም። ይንቀሳቀሱ የነበረው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በግልጽ በተቋቋሙት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ውስጥ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የኋለኛው ጥፋት ሥር እዚህ ነውና። አንድ የተማሪዎች ጉባኤ በአንድ ርዕስ ላይ ሲከራከር ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ ክርክሩን እንደ ክርክር ያዩት ነበር፤ ጥቂቶቹ ግን ማኅበሩን የትኛው የኅቡዕ ድርጅት ይቆጣጠረው የሚለውን ጥያቄ በልባቸው ይዘው ይናገሩ ነበር። አባል ያልሆነው ተማሪ የሚሰማው ሐሳብ ሌላ፣ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው የሚታገልበት ዓላማ ሌላ በሆነ ጊዜ፣ በክርክር ተሸንፎ በሰላም መቀመጥ የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል፤ ምክንያቱም ተሸናፊው ያጣው ነጥብ ሳይሆን ድርጅት ነው። በ1963 ዓ.ም. ክረምት በሎስ አንጀለስ የተካሄደው የሰሜን አሜሪካው ማኅበር 19ኛ ጉባኤ በብሔረሰቦች ጥያቄ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ሲበተን፣ ብዙ ተሳታፊዎች አንድ የንድፈ ሐሳብ ልዩነት እንዴት ይህን ያህል ወዳጅነት እንዳፈረሰ ለመረዳት ተቸግረው ነበር። ጥላሁን ታከለ በሚል የብዕር ስም ከአልጀርሱ ቡድን የወጣው ጽሑፍም ተቃራኒውን ሐሳብ የያዙትን የተቸው እንደ ተሳሳቱ ሰዎች ብቻ ሳይሆን እንደ አብዮት ከሃዲዎች ቆጥሮ ነው። ይህ የአጻጻፍ ልማድ በአንድ ወገን ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ የንቅናቄው ሁሉ ቋንቋ ሆኖ ነበር።

በእርግጥ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አሳዛኝ ነው። ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ነበሩ፤ ሁለቱም መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ፣ ዘውዳዊው ሥርዓት እንዲወገድ፣ የብሔረሰቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እንዲታወቅ ይጠይቁ ነበር። መኢሶን ሕዝቡን ለማንቃትና ለማደራጀት ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል ሲል፣ ሌላው ወገን የትጥቅ ትግል ቶሎ መጀመር አለበት ይል ነበር፤ ጥቂቶቹንም ከመኢሶን ምሥረታ በፊትና በኋላ የነበረ ቅሬታና የመሪነት ፉክክር አቃቅሯቸዋል። የጊዜና የስልት ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የማያኖር ልዩነትም አልነበረም።

የየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮት ሁለቱንም ሳይዘጋጁ አገኛቸው። የታክሲ ነጂዎች፣ መምህራን፣ ወታደሮችና ሠራተኞች ያነሡት ማዕበል የአንድም ፓርቲ ትእዛዝ አልነበረበትም። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን ከጦር ኃይሎች፣ ከፖሊስ ሠራዊትና ከብሔራዊ ጦር የተውጣጡ ከመቶ በላይ መለዮ ለባሾች ደርግ በሚል ስም ተሰበሰቡ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረዱ። ኢሕአፓ በ«ዴሞክራሲያ»፣ መኢሶን ደግሞ በ«የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በተባሉ የምሥጢር ጋዜጦቻቸው ሕዝቡን መቀስቀስ ከጀመሩ ጥቂት ወራት ሆኗቸው ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ቢኖር በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያነሡ እንደ ነበር ነው፤ ወታደሮቹ ሥልጣኑን ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ለሚውጣጣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲያስረክቡ ሁለቱም ጠይቀዋል።

መንገዳቸው የተለያየው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። መኢሶን የትውልዱ ትልቁ ጥያቄ መመለሱን አይቶ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ለመስጠት ወሰነ፤ ሂሳዊ ድጋፍ ማለት መንግሥት በጎ ሲሠራ መደገፍ፣ ሲያጠፋ መተቸት፣ በዚህም መካከል ሕዝቡን ማደራጀትና ማስታጠቅ ነው። ኢሕአፓ ግን ወታደሮች የሚመሩት አብዮት በአምባገነንነት ከማለቅ አያልፍም ብሎ ደመደመና በነሐሴ 1967 ዓ.ም. መኖሩን ለሕዝብ ገለጸ። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ከዛሬ ሆኖ ሲታይም ኢሕአፓ ስለ ወታደሮቹ ባሕርይ የተናገረው ትክክል ነበር፣ መኢሶንም የመሬቱ አዋጅ የገባር ሥርዓትን ሥር እንደ ነቀለ ማየቱ ትክክል ነበር። ሁለት ትክክለኛ አስተያየቶች በአንድ ጉባኤ ውስጥ ቢገናኙ ኖሮ ምን ይወጣቸው እንደ ነበር ማወቅ አይቻልም፤ እንዳይገናኙ ያደረገውን ግን ማወቅ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሦስተኛው ወገን ድርሻ ይጀምራል። ደርግ መሣሪያ ነበረው፤ ርዕዮተ ዓለም ግን አልነበረውም። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከሚለው መፈክር አልፎ ሕዝቡን የሚያስተምርበት ትምህርት፣ ገጠር ድረስ የሚዘልቅ የተማረ ሰው፣ አዋጅ የሚያረቅቅ ባለሙያ አጥቶ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲልክ የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጥለት ሰው አገኘ፤ የሚያሠጉትንም ወጣቶች ከከተማ አራቀ። መኢሶን ሂሳዊ ድጋፉን ይዞ ሲቀርብ ደግሞ ደርግ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አገኘ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ፤ ፕሮግራሙ በአብዛኛው የተራማጆቹ ሐሳብና ቋንቋ ነበር። በተለምዶ «ሕዝብ ድርጅት» ይባል የነበረው የሕዝብ ማደራጃ ጽሕፈት ቤትም ተቋቁሞ በኃይሌ ፊዳ መሪነት ሥራ ጀመረ፤ ካድሬዎችን የሚያሠለጥን የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ተከፈተ።

በ1968 ዓ.ም. በመንግሥት ጋዜጣ በ«አዲስ ዘመን» ላይ በሁለቱ ወገን ደጋፊዎች መካከል በብዕር ስም የተካሄደው ክርክር በኢትዮጵያ የጋዜጣ ታሪክ ውስጥ ከታዩት የሐሳብ ግጥሚያዎች ሁሉ የጠለቀው ሊባል ይችላል። ዲሞክራሲያዊ መብት ያለ ገደብ አሁኑኑ ይሰጥ ወይስ ለጭቁኖች ብቻ ይፈቀድ፣ መንግሥት ፋሽስት ነው ወይስ አይደለም፣ ግንባር ከማን ጋር ይፈጠር የሚሉ ጥያቄዎች በዝርዝር ተነሡ። አንባቢ ጋዜጣውን በወረፋ ይገዛባቸው የነበሩት እነዚያ ጥቂት ወራት፣ ተራማጆቹ በመሣሪያ ሳይሆን በሐሳብ ሊለያዩ ይችሉ እንደ ነበር ያሳያሉ። ነገር ግን መድረኩ የመንግሥት ነበር፤ የከፈተው መንግሥት ሲፈልግ ዘጋው። ሁለቱ ድርጅቶች የራሳቸው የሆነ፣ ደርግ የማይዘጋው የጋራ መድረክ ለመፍጠር አልበቁም።

መስከረም 1969 ዓ.ም. ሲገባ ነገሩ ከብዕር ወጣ። ከደርጉ መሪዎች አንዱ በነበረው በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከመኢሶን አመራር አንዱ የነበረው ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ። ኢሕአፓ የከተማ ትጥቅ እንቅስቃሴውን የጀመረው አባሎቹ መታሰርና መገደል ከጀመሩ በኋላ ራሱን ለመከላከል መሆኑን ሲገልጽ፣ መኢሶን ደግሞ አባሎቹ የተጠቁት የተለየ ሐሳብ በመያዛቸው ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ክርክሩ በሕይወት በተረፉት መካከል እስካሁን አልተዘጋም። የማያከራክረው ነገር ግን እያንዳንዱ የተተኮሰ ጥይት ደርግን ማጠናከሩ ነው፤ የመኢሶን አባል በተገደለ ቁጥር መኢሶን ለጥበቃ ወደ ቤተ መንግሥት ይበልጥ ይጠጋ፣ በተጠጋ ቁጥርም በኢሕአፓ ዓይን ባንዳነቱ ይረጋገጥ ነበር።

ሌላም የተረሳ ገጽታ አለ። ተራማጆቹም በበኩላቸው በደርግ ውስጥ የነበረውን ክፍፍል ለመጠቀም ሞክረዋል። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ተፈሪ በንቲ፣ ዓለማየሁ ኃይሌና ሞገስ ወልደ ሚካኤል የመንግሥቱን ሥልጣን የሚቀንስ አዲስ አወቃቀር አጸደቁ፤ ኢሕአፓ በእነዚህ ሰዎች ላይ ተስፋ እንደ ነበረው ይነገራል። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ሁሉንም በአንድ ቀን ገደላቸው። በዚያ ቀን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ወዝ ሊግ የተባለው ድርጅት መሪ ሰናይ ልኬም ሞተ፤ ሰናይ ቀደም ሲል በሰሜን አሜሪካ የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበረ ሰው ነው። ከሁለቱ ወገኖች በሌላው ክፍፍል የተጠቀመው መሣሪያ ያለው ብቻ እንደ ሆነ በዚህ ታየ።

ከጥር 26 በኋላ የመጣው ጊዜ ቀይ ሽብር ተብሎ ይታወቃል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ በአደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየሰበረ በጠላቶቹ ላይ ዛተ። ሚያዝያ 21 ቀን ደግሞ በሜይ ዴይ ዋዜማ በተቃውሞ የወጡ ወጣቶች በመቶዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ለአካባቢ አስተዳደር የተቋቋሙት ቀበሌዎች የራሳቸው የአብዮት ጥበቃ ጓድና እስር ቤት ያላቸው፣ «ነጻ እርምጃ» ማለትም ያለ ፍርድ የመግደል ሥልጣን የተሰጣቸው አካላት ሆኑ። በብዙ ቀበሌዎች የመኢሶን ካድሬዎች ይሠሩ ነበር፤ ኢሕአፓን ለማጋለጥም የሰበሰቡት መረጃ፣ ያዘጋጁት መዋቅርና የከፈቱት እስር ቤት ሁሉ በመጨረሻ የመንግሥት ንብረት ሆነ።

በዚያው ዓመት ኢሕአፓ ራሱ ከውስጥ ተሰነጠቀ። ድርጅቱን ከመሠረቱት መካከል ብርሃነመስቀል ረዳና የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል የነበረው ጌታቸው ማሩ የከተማው የትጥቅ እርምጃ ፓርቲውን ለጥፋት እንደሚያጋልጥ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት የሚለውም መፈክር እንደገና ሊታይ እንደሚገባ ተከራከሩ። አመራሩ እነሱንና የተከተሏቸውን «አንጃ» ብሎ ፈረጃቸው፤ አንጃ በድርጅት ውስጥ ለብቻው የሚያድም ቡድን ማለት ነው። ብርሃነመስቀል ከኃላፊነት ወርዶ ወደ ሰሜን ሸዋ ሄደ፤ ጌታቸው ማሩ ግን በራሱ ፓርቲ ታግቶ ከቆየ በኋላ በራሱ ጓዶች እጅ ተገደለ። ይህ ድርጊት ከድርጅቱ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብር ነው፤ ምክንያቱም ሟቹ ያነሣው ጥያቄ ትክክለኛ መሆኑን የሚቀጥሉት ወራት አረጋገጡ። አንጃ ተብለው ከተገፉት መካከል ከፊሎቹ ዝም ብለው ቢቀመጡም፣ ከፊሎቹ በቁጣ ወይም በፍርሃት ወይም በእስር ቤት ስቃይ ተሸንፈው የቀድሞ ጓዶቻቸውን መጠቆም ጀመሩ። በጠባብ ክፍል ተደራጅቶ አባሎቹን እርስ በርስ ሳይቀር የሚደብቅ ድርጅት ከውጭ በቀላሉ አይደፈርም፤ አባሉን በጥርጣሬ ወደ ውጭ ሲወረውር ግን ቁልፉን አብሮ ይወረውራል።

የመኢሶን ተራ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። መንግሥቱ ከመኢሶን ጋር እየሠራ ሳለ አብዮታዊ ሰደድ የተባለ በአብዛኛው መለዮ ለባሾችን የያዘ የራሱን ድርጅት ሲያቋቁም ቆይቷል። በ1969 ዓ.ም. መኢሶን፣ ሰደድ፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድና ኢጭአት የተባሉ አምስት ድርጅቶች በአንድ ኅብረት ሥር ተሰባሰቡ፤ ኅብረቱም ኢማሌድህ ይባል ነበር። ሲታይ አንድነት ይመስላል፤ በተግባር ግን ሰደድ የሌሎቹን አባላት ዝርዝርና አሠራር የሚማርበት ቤት ሆነ። የሶማሊያ ጦር የምሥራቁን ክፍል በወረረበት ሰሞን፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ መኢሶን ከደርግ ጋር ተቆራርጦ ወደ ኅቡዕ ገባ፤ ኃይሌ ፊዳን ጨምሮ ብዙ አመራሮቹ ተያዙ፤ ሌሎቹም ተገደሉ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ኢጭአት፣ ወዝ ሊግና ማሌሪድ በየተራቸው ተመቱ። በየዙሩ የቀሩት ድርጅቶች የሚመታውን ለማስመታት ይተባበሩ ነበር፤ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሚሆን የጠየቀ ግን አልነበረም ወይም ጠይቆ አልተሰማም። በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ ሲቋቋም አባልነቱ በግለሰብ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ይህን ሊቃወም የሚችል ድርጅት አልቀረም ነበር። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በመንግሥቱ ዋና ጸሐፊነት ተመሠረተ። ማርክሲስት ፓርቲ መመሥረት የተማሪዎቹ ሕልም ነበር፤ የመሠረተው ግን እነሱን ያጠፋው ሰው ሆነ።

ገጠር የወጣውም የኢሕአፓ ሠራዊት ከዕጣው አልዳነም፤ በ1970 ዓ.ም. በትግራይ አሲምባ ከሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ፣ በአጭሩ ሕወሓት፣ ጋር ተዋግቶ ከሥፍራው ተባረረ፤ ከተበተኑት መካከል ከፊሎቹ በሕወሓት ድጋፍ በ1973 ዓ.ም. ኢሕዴን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ።

በዚያው ዘመን በሌላ አገር የተፈጸመ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ንጽጽሩም አንድ ቁም ነገር ያወጣል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1971 ድረስ ኮይንቴልፕሮ በሚል የምሥጢር ፕሮግራም ግራ ዘመም ድርጅቶችንና የጥቁር አሜሪካውያንን ንቅናቄዎች ከውስጥ ያፈርስ ነበር። የጥቁር ፓንተር ፓርቲ መሪዎች የነበሩት ሂዩ ኒውተን በካሊፎርኒያ፣ ኤልድሪጅ ክሊቨር ደግሞ በስደት በአልጀርስ ተቀምጠው ሳሉ ቢሮው በሌሎች ስም የሐሰት ደብዳቤ እየጻፈ አንዱ ሌላውን እንዲጠረጥር አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ሁለቱ በይፋ ተጣሉ፤ ፓርቲውም ተከፈለ። በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው የምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1976 ባደረገው ምርመራ ይህ ሁሉ ተጋለጠ። የብርሃነመስቀል ቡድንም በዚያው ጊዜ በዚያው በአልጀርስ ይኖር እንደ ነበር ከላይ ተጠቅሷል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ አሜሪካኖቹ ጠብ ለማስነሣት የሐሰት ደብዳቤ መጻፍ አስፈልጓቸዋል፤ ደርግ ግን ተራማጆቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው የጻፉትን ማንበብ በቂው ነበር። ባንዳ፣ አናርኪስት፣ ፋሽስት፣ አንጃ፣ ከሃዲ የሚሉት ስያሜዎች ሁሉ ከተራማጆቹ ብዕር የወጡ ናቸው፤ የቀበሌ ሹም ያደረገው ከስያሜው ቀጥሎ እርምጃውን መጨመር ብቻ ነው።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው እምነት በድርጅቶቹ መተዳደሪያ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም የሠራተኛው መደብ አንድ ቫንጋርድ፣ ማለትም ከፊት ሆኖ የሚመራ አንድ ፓርቲ ብቻ እንዳለው ያምኑ ነበር። ትክክለኛው ፓርቲ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው በተፈጥሮው ጠላት ነው፤ ስሕተት ሠርቶ የሚታረም ወገን ሊሆን አይችልም። ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለው አሠራርም በጽሑፍ ሲነበብ ውይይቱ ነጻ፣ ከውሳኔ በኋላ ግን ተግባሩ አንድ ይሁን የሚል ነው፤ በኅቡዕ በሚኖርና ጉባኤ መጥራት በማይችል ድርጅት ውስጥ ግን የመጀመሪያው ክፍል ይቀርና ሁለተኛው ብቻ ይተርፋል። ጌታቸው ማሩ ሐሳቡን የሚያቀርብበት ጉባኤ አልነበረም፤ የመኢሶን ተራ አባልም ሂሳዊ ድጋፉ መቼ ማብቃት እንዳለበት ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረውም። ምሥጢራዊነትን ያመጣው ጨቋኝ መንግሥት መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም በለንደን፣ በፓሪስና በዋሽንግተን በነጻነት ይሰበሰቡ በነበሩበት ዓመታትም ቢሆን ልዩነትን በግልጽ ተናግሮ አብሮ የመቀመጥን ልምድ አላዳበሩም። በዚህ ረገድ ኃላፊነቱ የመሪዎቹ ነው፤ በየሰፈሩ በራሪ ወረቀት ሲበትኑ የሞቱት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የግድያው ኃላፊነት የገደለውና ያስገደለው መንግሥት ነው፤ የተጠቂዎች ጠብ የገዳይን ወንጀል አያቃልልም።

ኃይሌ ፊዳና ብርሃነመስቀል ረዳ በተጻራሪ ጎራ ተሰልፈው ኖረው በ1971 ዓ.ም. ሁለቱም በደርግ እጅ ተገደሉ። የድርጅቶቻቸው ቅሪት በአውሮፓና በአሜሪካ በስደት ለረጅም ዓመታት ሳይነጋገር ኖረ፤ ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኃይሎች ቅንጅት ሲመሠረት ኢሕአፓና መኢሶን በአንድ ጥላ ሥር ገቡ፤ በ1995 ዓ.ም. ማብቂያም በዋሽንግተን አካባቢ የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት ሲቋቋም ፊርማቸውን ጎን ለጎን አኖሩ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ያልተቻለው ነገር የተቻለው ሁለቱም ጉልበት ካጡ በኋላ ነው።

የዘመኑ ተሳታፊዎች የጻፏቸው መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም፤ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»፣ የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» እና የሕይወት ተፈራ ትዝታ ከብዙዎቹ የሚጠቀሱ ናቸው፤ ባሕሩ ዘውዴም የተማሪዎቹን ንቅናቄ በታሪክ ባለሙያ ዓይን መርምረዋል። ነገር ግን የማዕከላዊ ኮሚቴዎቹ ቃለ ጉባኤዎች፣ የውስጥ ደብዳቤዎችና የጉባኤ ሰነዶች ብዙዎቹ እስካሁን በግለሰቦች እጅ ናቸው፤ በአዲስ አበባ፣ በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን በየጓዳው የተቀመጡት እነዚህ ወረቀቶች ባለቤቶቻቸው በዕድሜ በገፉ ቁጥር የመጥፋት አደጋቸው እየጨመረ ነው። ከእነዚህ ሰነዶች አንዱ በቤቱ ያለ አንባቢ ቢኖር ቅጂውን ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያስረክብ፤ በዚያ ዘመን በአመራር ላይ የነበረና በሕይወት ያለም ውሳኔዎቹ እንዴት እንደ ተወሰኑ፣ የተቃወመው ማን እንደ ነበረና ለምን እንዳልተሰማ ሳይሸፋፍን ይጻፍ።